የሚጠበቀው ኮርቬትና የሰሜን ደጋ

በሀገራችን ደጋ ላይ መንኮራኩር ያለው ነገር ለማስኬድ ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ ከዐፄ ቴዎድሮስ ይልቅ በገዛ እጁ የተረዳ ንጉሥ አልነበረም። በ1847 ዓ.ም በሰሜን ደረስጌ ማርያም ዘውድ የጫኑት እኒህ ንጉሠ ነገሥት፣ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ ታላቅ መድፍ በሠረገላ አስጭነው በ1860 ዓ.ም ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ባስጎተቱ ጊዜ፣ ወታደሩ ድንጋይ ሲፈነቅልና ገደል ሲደለድል እርሳቸውም ከፊት ሆነው በእጃቸው መንገድ ይጠርጉ እንደ ነበር በዚያ የነበሩ የዐይን ምስክሮች ጽፈዋል፤ ጅጣንና በሽሎን ወርዶ የወጣው ያ ጉዞ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ፈጀ። ከዚያ ዘመን ጀምሮ በዚህ በደጋው ምድር የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም በሌላ ሀገር፣ ለሌላ መንገድ የተፈጠረ መንኮራኩር የእኛን ዳገት እንዴት ይወጣዋል የሚል ነው።

ይህ ትረካ የሚናገረው በአሜሪካ ስለ ተወለደ አንድ የእሽቅድምድም ዝርያ ስላለው መኪና ነው፤ ስሙም ኮርቬት ይባላል። እስከ ዛሬ ስምንት ትውልድ አሳልፎ ዘጠነኛው እየተጠበቀ ነው፤ ይህ የሚጠበቀው ትውልድ ምን ዓይነት እንደሚሆን በዓለም ያሉ የመኪና ወዳጆች ሁሉ ሲተነብዩ፣ ከጎንደርና ከሰሜን ከፍታ ሆኖ ለሚመለከተው ሰው ግን ነገሩ ከፍ ያለ ምክንያት አለው። የአሜሪካን ነገር ስንናገር በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የራሳችንን ስንናገር ዓ.ም ብለን እንተርካለን።

አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌ የተባለ መኪና በጅቡቲ በኩል አምጥቶ፣ መንገድ በሌለበት ሀገር ብዙ መከራ አይቶ፣ በ1900 ዓ.ም አዲስ አበባ ደርሶ ለንጉሠ ነገሥቱ አቀረበ። ወደ ጎንደር ግን የመኪና ሠራዊት የመጣው በወዳጅ እጅ አልነበረም። የኢጣልያ ፋሺስት ፓርቲ ዋና ጸሐፊ የነበረው አኪሌ ስታራቼ፣ ወታደሩን በካሚዮን አስጭኖ ከኦምሐጀር ተነሥቶ ሰቲትን ተሻግሮ ቆላውን እያቋረጠ መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም ጎንደር ገባ። ዛሬ ከጎንደር ተነሥቶ በትክል ድንጋይና በሳንጃ አድርጎ ወደ ሁመራ በሚወርደው መንገድ የሚጓዝ ሰው፣ ያ ሠራዊት የወጣው ከዚያ ሙቀትና ከዚያ ቆላ ወደዚህ ብርድ መሆኑን ሲያስብ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሞተር ድምፅ የሰማው የሀገሩ ሰው ምን ተሰምቶት እንደ ነበር መገመት አይሳነውም።

ወራሪው በቆየበት ጥቂት ዓመት አሥመራን ከጎንደር ለማገናኘት ሲል ከዛሪማ ወደ ደባርቅ በሚያወጣው ቀጥ ያለ ገደል ላይ የሊማሊሞን መንገድ ቀደደ። ይህ መንገድ ኩርባ በኩርባ ላይ እየተደራረበ ከአንድ ሺህ ሜትር የሚበልጥ ከፍታ የሚወጣ ሲሆን፣ በአንድ ወገን ዓለት በሌላው ወገን ጥልቅ ገደል ስለ ሆነ፣ ሾፌር ልቡን የሚፈትንበትና ሞተርም ትንፋሹ የሚለካበት ስፍራ ሆነ። በ1933 ዓ.ም የጠላት ኃይል በሌላው የሀገሪቱ ክፍል ሲፈርስ የጎንደሩ ጦር እስከ መጨረሻ ሊቆይ የቻለውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ከመንገዱ ራስ ላይ ያለውን ወልቀፊትን የያዘ ሰራዊት ከታች የሚመጣውን ሁሉ ማገድ ይችል ነበርና። የበጌምድርና የሰሜን አርበኞች በዙሪያው ሲታገሉ፣ የእንግሊዝም ጦር ሲከብበው ቆይቶ፣ ወልቀፊት በመስከረም 1934 ዓ.ም እጁን ሰጠ፤ ኅዳር 18 ቀን ደግሞ የጠላት ጦር አዛዥ ጄኔራል ናሲ ጎንደርን ለቅቆ ተማረከ።

ጠላት ሲወጣ መንገዱ ቀረ፤ መኪናውም ቀረ። ሕዝቡ ትሬንታ ኳትሮ ብሎ የሚጠራው የፊያት ካሚዮን ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዘመን እህልና ጨው፣ ቡናና ሰው እየጫነ በደጋና በቆላ ሲመላለስ ኖረ። የእኛ ሾፌሮችና መካኒኮች የሞተርን ነገር የተማሩት በዚህ አሮጌ ብረት ላይ ነው፤ ፍሪሲዮኑን ሲያስሩ፣ ቴስታታውን ሲፈቱ፣ በዳገቱ መካከል የፈላውን ራዲያተር ከምንጭ ውኃ ቀድተው ሲያበርዱ፣ ማንም ትምህርት ቤት ያላስተማራቸውን ጥበብ በእጃቸው አገኙ። በ1943 ዓ.ም የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም መንገድ የመንግሥት ዋና ሐሳብ ሆነ። የሀገራችን ነገር እዚህ ላይ በደረሰ ጊዜ ነው እንግዲህ በሌላው የዓለም ዳርቻ የዚህ ትረካ ባለቤት የተወለደው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ አውሮፓ ዘምተው የነበሩ አሜሪካውያን ወታደሮች፣ ቀላልና ፈጣን የሆኑትን የእንግሊዝ ባለሁለት መቀመጫ መኪናዎች አይተው ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ ፍቅሩ አልለቀቃቸውም። የጀኔራል ሞተርስ የመኪና ቅርፅ አውጪዎች አለቃ የነበረው ሃርሊ ኤርል ይህን ተመልክቶ፣ አሜሪካም የራስዋ የሆነ እንዲህ ያለ መኪና ሊኖራት ይገባል ብሎ በምሥጢር ማሠራት ጀመረ። ሥራውም ጃንዋሪ 17 ቀን 1953 በኒው ዮርክ በዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል በተከፈተው ትርኢት ላይ ለሕዝብ ታየ። ያ ዕለት በእኛ አቆጣጠር ጥር 9 ቀን 1945 ዓ.ም ነው፤ ጎንደር ለከተራ ስትዘጋጅ፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሊወርዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው ማለት ነው። መኪናው ነጭ ነበረ፤ አካሉ ከብረት ሳይሆን ከፋይበር ግላስ ተሠርቶ ነበር፤ ውስጡ ቀይ ነበረ፤ ተመልካቹም ተደነቀ። በዚያው ዓመት ከጁን 30 ጀምሮ በሚሺጋን ክፍለ ሀገር በፍሊንት ከተማ 300 ኮርቬቶች ብቻ በእጅ ተገጣጥመው ወጡ።

ውበቱ እንዲህ ይሁን እንጂ በኮፈኑ ሥር ያለው ነገር ከውበቱ ጋር የሚተካከል አልነበረም። ሞተሩ ስድስት ሲሊንደር ያለው፣ ኃይሉም 150 የፈረስ ጉልበት የሆነ፣ የጀኔራል ሞተርስ ክፍል ከሆነው ከሸቭሮሌት የቤት መኪና የተወሰደ ሲሆን፣ ካምቢዮውም ሁለት ማርሽ ብቻ ያለው አውቶማቲክ ነበር። ከተመልካቾቹ መካከል ይህን ወዲያው ያስተዋለ አንድ ሰው ነበረ፤ ስሙም ዞራ አርኩስ ዱንቶቭ ይባላል። ዱንቶቭ ከሩሲያውያን አይሁድ ወላጆች በ1909 በብራስልስ ተወልዶ፣ በሌኒንግራድ አድጎ፣ በበርሊን ምሕንድስና ተምሮ፣ ናዚዎች ፈረንሳይን ሲይዙ በ1940 ወደ አሜሪካ የተሰደደ ሰው ነው። ስደት አራት ሀገር ያዞረው ይህ ጠቢብ፣ ከኮርቬት ፊት ቆሞ በቅርፁ ሲደሰትና በሞተሩ ሲያዝን ቆይቶ ለሸቭሮሌት ደብዳቤ ጻፈ፤ በሜይ ወር 1953ም በኩባንያው ተቀጠረ። የዚህ መኪና ታሪክ ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚህ ሰው ታሪክ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

መጀመሪያው ግን መራራ ነበረ። ማሠሪያው ወደ ሴንት ልዊስ ከተዛወረ በኋላ በ1954 የተሠሩት 3,640 መኪናዎች ሲሆኑ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ገዢ አጡ፤ በ1955 የተሠሩት 700 ብቻ ናቸው፤ በዚያው ዓመት ተቀናቃኙ ፎርድ ተንደርበርድ የተባለውን መኪናውን ከ16,000 በላይ ሸጠ። ኩባንያው ኮርቬትን ጨርሶ ለመተው አስቦ ነበር። ያዳነው በ1955 የገባለት አዲሱ ባለስምንት ሲሊንደር ሞተር፣ የእኛ ሰው ቪ ኤይት የሚለው፣ እንደዚሁም የተቀናቃኙ ስኬት በሸቭሮሌት ሹማምንት ላይ ያሳደረው ቅንዓት ነው።

ዱንቶቭ የአዲሱን ሞተር ኃይል ለዓለም ለማሳየት የመረጠው ሜዳ አልነበረም። በሴፕቴምበር 1955 ቅርፁ በሽፋን የተደበቀ የሸቭሮሌት መኪና ይዞ ኮሎራዶ ውስጥ ወዳለው ፓይክስ ፒክ ወደሚባለው ተራራ ወጣ። የዚህ ተራራ ራስ ከባሕር ጠለል በላይ 4,300 ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱም በዚያን ዘመን ኮረትና አፈር፣ ጠርዙም ያለ አጥር ገደል ነበረ፤ የእኛን ሰሜን የሚያውቅ ሰው ከቧሂት ሥር አልፎ ወደ ጃናሞራ የሚሻገረውን መንገድ ያስብ። ዱንቶቭ ያን 20 ኪሎ ሜትር ዳገት በ17 ደቂቃ ከ24 ሰኮንድ ወጥቶ በመደበኛ መኪናዎች ክፍል አዲስ ክብረ ወሰን አስመዘገበ። የኮርቬት አባት የሚባለው ሰው የሞተርን ባሕርይ በደጋ አየር ውስጥ የመረመረ ሰው መሆኑን ማወቅ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ በእኔ አስተያየት የሚመጣውም ነገር ሁሉ የተፀነሰው በዚያ ተራራ ላይ ነው።

ምክንያቱን ልንገር። መኪና ዳገት ሲወጣ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የሚገፋውም የኋላው ጎማ በሆነ ጊዜ፣ ሞተሩ ከፊት ከተቀመጠ የኋላው ጎማ በኮረት ላይ እየተንሸራተተ ኃይሉን ያባክናል። ሞተሩ ከነጂው ጀርባ፣ ከኋላው ጎማ ጥቂት ፊት ብሎ ቢቀመጥ ግን ክብደቱ በሚገፋው ጎማ ላይ ያርፋል፤ በሜዳም ቢሆን መኪናው በኩርባ ላይ ሲዞር ክብደቱ በመካከል ስለ ተሰበሰበ ፈጥኖ ይታዘዛል፤ የሞተሩም ሙቀት የነጂውን እግር አያቃጥልም። ዱንቶቭ ይህን ሐሳብ ይዞ በ1960 ሰርቭ አንድ የተባለውን ባለአንድ መቀመጫ የሙከራ መኪና ሠራ፤ መጀመሪያ ያሰበውም ለዚያው ለፓይክስ ፒክ ዳገት ነበር። ሞተሩ ከጀርባ ነበረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚመጣው ኮርቬት እንዲህ ሊሆን ይገባል የሚለው ሐሳብ ከዱንቶቭ ልቡና ሳይወጣ ኖረ።

ሁለተኛው ትውልድ በ1963 ሲወጣ ግን ሞተሩ ከፊት እንዳለ ነበር። በቢል ሚቸል አለቅነት ቅርፁ የተዋበውና ስቲንግ ሬይ የተባለው ይህ መኪና የኋላ እግሮቹ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የሚወርዱና የሚወጡ ሆነው ተሠርተውለት ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት 21,513 ተሠርቶ ወጣ። ዱንቶቭ በ1964 አራቱም እግር የሚጎትትበትን ሰርቭ ሁለትን፣ ኩባንያውም በ1968 አስትሮ ሁለት የተባለውን ሠራ፤ ሁለቱም ሞተራቸው ከኋላ ነበረ፤ ሁለቱም በትርኢት ቀርተው ሦስተኛው ትውልድ በ1968 እንደ ቀድሞው ከፊት ሞተር ይዞ ወጣ። የመኪና መጽሔቶች ከዚህ ጊዜ ጀምሮ በየዓመቱ ማለት ይቻላል የሚመጣው ኮርቬት ባለመካከል ሞተር ነው እያሉ በሥዕል ያውጁ ነበር፤ አንባቢውም ያምን ነበር፤ ቀኑም እያለፈ ይሄድ ነበር።

በ1970 በኒው ዮርክ የመኪና ትርኢት ላይ ነገሩ የቀረበ መሰለ። የሸቭሮሌት አለቃ የነበረው ጆን ዴሎሪያን በወጪ ብዛት አስቁሞት የነበረውን ባለመካከል ሞተር የሙከራ መኪና፣ ፎርድ ፓንቴራ የተባለውን የኢጣልያ ሥራ ሊያቀርብ መሆኑን በሰማ ጊዜ አውጥቶ አሳየው። ያው መኪና ቅርፁ ተለውጦ በ1973 አራት ተሽከርካሪ ክፍል ያለው ልዩ ሞተር ተገጥሞለት ታየ። ነገር ግን በዚያው ዓመት መጨረሻ የዓረብ ሀገሮች ነዳጅ ሲያግዱ ብዙ ቤንዚን የሚጠጣው ያ ሞተር ተስፋው ተቆረጠ። ያ የነዳጅ ችግር አሜሪካ ላይ ብቻ አልቆመም፤ በእኛም ሀገር የቤንዚን ዋጋ ሲንር የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ ከዚያ የተነሣው ሁከት በየቦታው ከነበረው የወታደርና የመምህራን ብሶት ጋር ተገናኝቶ በመስከረም 1967 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን እስከ ማውረድ ደረሰ። በአንድ ዘመን አንድ በርሜል ዘይት በዲትሮይት አንድ ሞተር፣ በአዲስ አበባ አንድ ሥርዐተ መንግሥት ሲጥል ማየት፣ የዚህ የሚቃጠል ፈሳሽ ነገር ምን ያህል የዓለምን ዕጣ እንደ ያዘ ያስረዳል።

ዱንቶቭ በጃንዋሪ 1975 ጡረታ ወጣ። ኤሮቬት የተባለው የመጨረሻው ሙከራ ለ1980 ይሠራል ተብሎ ከተዘጋጀ በኋላ ሚቸልም በ1977 ጡረታ ሲወጣ የሚሟገትለት ጠፋ፤ ተሰረዘ። የተሰረዘበትን ምክንያት ከምሕንድስና ውስጥ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። ምክንያቱ በሽያጩ መዝገብ ላይ ተጽፏል፤ በ1968 የወጣው ያረጀ ቅርፅ በ1976 ዓመት 46,558፣ በ1979 ደግሞ 53,807 ተሠርቶ ሁሉም ገዢ አገኘ። የሚሸጠው ነገር ሳይለወጥ ሲሸጥ፣ ለመለወጥ የሚደፍር ነጋዴ የለም። ስለዚህ በእኔ እምነት ያን ትንቢት ስድሳ ዓመት ያህል ያዘገየው ድህነትና ውድቀት ሳይሆን ብልጽግና ነው፤ ዱንቶቭንም በዘመኑ ያሸነፈው ጠላት ባይኖርም፣ የገዛ ልጁ ስኬት አሸነፈው።

ከዚህ በኋላ የመጡትን ትውልዶች በአጭሩ እናልፋቸዋለን። አራተኛው ለ1983 ታስቦ 43 ከተሠሩ በኋላ ለገበያ ሳይወጣ ቀርቶ በ1984 ወጣ፤ ከ43ቱ የቀረው አንዱ ብቻ ዛሬ ኬንታኪ ውስጥ ቦውሊንግ ግሪን ባለው የኮርቬት ሙዚየም ይገኛል፤ የመኪናው ፋብሪካም ከ1981 ጀምሮ በዚያችው ከተማ ነው። አምስተኛው በ1997፣ ስድስተኛው በ2005፣ ሰባተኛው በ2014 ተከታተሉ። ሁሉም ሞተራቸው ከፊት ነበረ። ዱንቶቭ የተመኘውን ሳያይ በኤፕሪል 1996 ዐረፈ፤ የአካሉም አመድ በዚያው ሙዚየም ተቀመጠ።

ጁላይ 18 ቀን 2019 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተስቲን በተባለ ስፍራ ስምንተኛው ትውልድ ለሕዝብ ሲገለጥ ግን ሞተሩ ከነጂው ጀርባ ነበረ። 6.2 ሊትር የሆነው ቪ ኤይት እስከ 495 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር፤ የመነሻ ዋጋውም ከ60,000 ዶላር በታች ተብሎ ሲነገር በአዳራሹ የነበረው ሰው ጮኸ። እንዲህ ሲሆን የቆየው ትንቢት ተፈጸመ፤ የተፈጸመውም አሮጌው መንገድ ወሰኑ ላይ ስለ ደረሰ ነው፤ ከፊት የተቀመጠ ሞተር ኃይሉ ከ700 የፈረስ ጉልበት ሲያልፍ የኋላው ጎማ መሬቱን መያዝ ተስኖት ነበርና።

አሁን ወደ ደጋችን እንመለስ። ሞተር ቤንዚን የሚያቃጥለው በአየር ነው፤ አየርም ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይሳሳል። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ፣ ደባርቅም 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ አየርን በራሱ ስቦ የሚተነፍስ ሞተር በጎንደር ከኃይሉ አምስተኛውን ያህል፣ በደባርቅ አራተኛውን ያህል ያጣል። ስለዚህ ያ 495 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና ደባርቅ አደባባይ ቢቆም በእጁ የሚኖረው 370 ያህሉ ብቻ ነው፤ በቧሂት ሥር ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ይህን የሰሜን ሾፌር ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል፤ ጭነቱን የሚቀንሰው፣ ማርሹን አስቀድሞ የሚያወርደው ስለዚህ ነው። ፈረንጆች ለዚህ ያገኙት መድኃኒት ተርቦ ነው፤ የሳሳውን አየር ጨምቆ ወደ ሲሊንደሩ የሚያስገባ መዘውር ማለት ነው፤ በ2024 የተገለጠው ዜድ አር ዋን የተባለው ኮርቬት ሁለት ተርቦ ተገጥሞለት 1,064 የፈረስ ጉልበት አለው። ሌላው መድኃኒት ኤሌክትሪክ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስምና በባሕር ዳርቻ ያለው ጉልበት በራስ ደጀን ራስ ላይም አይቀነስበትም።

ጀኔራል ሞተርስ ይህን ሁለተኛ መንገድ በጥንቃቄ ጀመረው። በኤፕሪል 2022 የኩባንያው ፕሬዚዳንት ማርክ ሮይስ ኤሌክትሪክ የተጨመረበት፣ ኋላም ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ የሆነ ኮርቬት እንደሚመጣ አስታወቀ። ጃንዋሪ 17 ቀን 2023፣ መጀመሪያው ኮርቬት በታየ በሰባኛው ዓመት ዕለት፣ ኢ ሬይ የተባለው ተገለጠ፤ ያም ዕለት ጥር 9 ቀን ስለ ሆነ፣ ከሰባ ዓመት በፊት እንደ ነበረው ሁሉ ጎንደር ለከተራ ስትሰናዳ ነበር። ኢ ሬይ ከኋላ ቪ ኤይቱን እንደ ያዘ ከፊት 160 የፈረስ ጉልበት ያለው የኤሌክትሪክ ሞተር ተጨምሮለት አራቱም እግሩ ይሠራል፤ ድምሩ 655 የፈረስ ጉልበት ነው። ዱንቶቭ በ1964 ለሰርቭ ሁለት ያሰበው አራት እግር በዚህ መንገድ ተመለሰ።

በሚቀጥለው ዓመት በጥር ወር 2016 ዓ.ም የኢትዮጵያ መንግሥት ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንዳይገባ መወሰኑ ተነገረ። ምክንያቱ ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ከአቅም በላይ መሆኑ ነው፤ በሌላ በኩል ከጣና በሚወጣው በዓባይ ላይ 5,150 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመረቀ። ይህ ውሳኔ በችግር የተወለደ ቢሆንም ለደጋ ሕዝብ የሚስማማ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ አየሩ ለሳሳበት፣ ወንዙ ለበዛለት፣ ቤንዚን ግን ከባሕር ማዶ ተጭኖ ለሚመጣለት ሀገር ሌላ የተሻለ ኃይል አላይም። የጎዳው ነገር ቢኖር የመሙያ ቦታው ከመኪናው ኋላ መቅረቱ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የጀመረው ገና ወደ ሰሜን ከተሞች በሚገባ አልደረሰም።

በአሜሪካ ግን ንፋሱ ዞረ። ጀኔራል ሞተርስ በሜይ 2025 በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ባለው በቶናዋንዳ ፋብሪካው 888 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ አዲስ ትውልድ የሆነ ቪ ኤይት ሞተር ሊሠራ መወሰኑን አስታወቀ፤ ፋብሪካው አስቀድሞ ለኤሌክትሪክ መኪና ክፍል ታስቦ የነበረ ነው። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ ያለው የኩባንያው የቅርፅ ቤት ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ የሆነ የኮርቬት ሐሳብ በሥዕልና በአምሳያ አሳየ፤ በካሊፎርኒያ ያለውም የራሱን ተከተለ፤ ነገር ግን እነዚህ ለሽያጭ የታሰቡ እንዳልሆኑ አብሮ ተነግሯል። ስለ ዘጠነኛው ትውልድ የሚተነብዩት ሰዎች እንግዲህ በሁለት ተከፍለዋል፤ አንዳንዶቹ ቪ ኤይቱ ከጥቂት ኤሌክትሪክ ጋር ተጋብቶ ይቀጥላል ይላሉ፤ ሌሎቹ ሙሉ ኤሌክትሪክ ይሆናል ይላሉ። ካለፈው ታሪክ ስመዝነው የፊተኞቹ ያሸንፋሉ ብዬ አምናለሁ። ኮርቬትን ሁልጊዜ የመራው የሽያጩ መዝገብ ነው፤ ገዢውም ገና የሞተሩን ድምፅ ይወዳልና።

እንዲህ ከሆነ ለእኛ የሚያሳዝን ነገር ይመጣል። ለተራራ በታሰበ ሐሳብ የተፀነሰው መኪና፣ እንዲህ ያለ ተራራ በሞላበት ሀገር ድንበር ላይ፣ በጋላፊ ኬላ፣ ቤንዚን ስለሚጠጣ ብቻ ይመለሳል። የሚሻለው ሁለተኛው ዕድል ነው፤ በዚያም ላይ ለሚሠሩት ጠቢባን ከሊማሊሞ አንድ ምክር አለን። 1,800 ኪሎ የሚመዝን መኪና አንድ ሺህ ሜትር ከፍታ ሲወርድ፣ ፍሬኑ በሙቀት የሚያባክነው ኃይል 5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው፤ ጎማና አየር የሚበሉት ተቀንሶ እንኳ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ወደ ኋላ እየዞረ ከ2 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ወደ ባትሪ ሊመልስ ይችላል። የኢ ሬይ ባትሪ መጠኑ 1.9 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ስለ ሆነ ባዶ ሆኖ ቢጀምር እንኳ ዛሪማ ሳይደርስ ይሞላል፤ የቀረውን ቁልቁለት በፍሬን ሸራ ይወርደዋል። ለዚህ መንገድ የሚመጣው መኪና ከዚያ የሚበልጥ ባትሪ ያስፈልገዋል፤ ነጂውም ደባርቅ ላይ ሲያድር ባትሪውን እስከ አፉ ሳይሞላ፣ ለቁልቁለቱ ጥቂት ቦታ ትቶለት ይነሣ።